ቆርኪ፣ ዕጣና ‹‹ዕድሌ ነው››፦ የዘጠኝ ቅዳሜ ማስታወሻ

ጥቅምት 1

ሂሳብ አስተማሪ ነኝ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል፣ ኮተቤ አካባቢ። ስታቲስቲክስና ፕሮባብሊቲ እኔ እጅ ላይ ሁሌ ከሁሉም በኋላ ነው ተራ የሚደርሳቸው፤ ሰኔ ገብቶ፣ ፈተና ደርሶ፣ ልጆቹም እኔም ደክሞን። ‹‹በሉ ይቺን በራሳችሁ አንብቧት›› ብዬ ያለፍኩባቸው ዓመታት አሉ፣ አልክድም። ዘንድሮ ግን ቅዳሜ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት አንድ ክፍል ለመንኩና ተፈቀደልኝ። 10 ልጅ ቢመጣ ብዬ ነበር፣ 24 መጡ። ግማሾቹ ኳስ ያለ መስሏቸው ነው።

ምንም ሳላስተምር በፊት ‹‹ዕድል›› የሚል ቃል ያለበት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉልኝ አልኳቸው። መጽሐፋችን እንግሊዝኛ ስለሆነ ፕሮባብሊቲ የሚለውን ቃል ያውቁታል፤ በአማርኛ ‹‹የመሆን ዕድል›› ስንለው ጭንቅላታቸው ውስጥ ምን እንደሚመጣ ማየት ፈልጌ ነው። ወረቀቱን ሰብስቤ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ‹‹ዕድሌ ነው ምን ይደረጋል።›› ‹‹የአጎቴ ልጅ ዕድለኛ ነው፣ ዲቪ ደረሰው።›› ‹‹አክስቴ ዕድሏ ጠማማ ነው።›› ‹‹ዕድል ከሌለህ ብትማርም ዋጋ የለውም።›› የመጨረሻዋን የጻፈው ልጅ ማን እንደሆነ በእጅ ጽሑፉ አውቄዋለሁ፣ ሰኞ እናወራለን። ከ24ቱ ወረቀት ቁጥር ያለበት አንድም የለም።

ከፊት የምትቀመጠው ልጅ እጇን አወጣች። ‹‹ቲቸር፣ ዕድል የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው። እኛ እንዴት ብለን በቁጥር እንለካዋለን?›› ጓደኛዋ ደግሞ ‹‹ቀደር ነው›› አለች፣ በኛ ቤት እንደዚህ ነው የሚባለው ብላ። ሁለቱም ዞረው አፌን ያዩኛል። የሚሆነውን ማን እንደሚወስን እኛ አንነካም፣ እኛ የምንቆጥረው ሳናውቀው በፊት ምን ያህል መጠበቅ እንዳለብን ነው አልኳቸው። አላሳመንኳቸውም። ፊታቸው ላይ አየሁት። እውነቱን ለመናገር ራሴንም በደንብ አላሳመንኩም።

ወደ ገመዱ ሄድን። የልብስ ማስጫ ገመድ ከግድግዳ ግድግዳ ወጠርኩና አንዱን ጫፍ 0፣ ሌላውን 1 አልኩት። አንድ ነገር እናገራለሁ፣ ልጆቹ ‹‹ይሆናል›› ብለው በሚያምኑበት መጠን ገመዱ ላይ ቦታ ይይዛሉ። ‹‹ነገ ፀሐይ ትወጣለች።›› ሁሉም 1 ላይ ተጨናነቁ። ‹‹ቲቸር ዛሬ ክንፍ ያወጣል።›› ሳቅ፣ ሁሉም 0 ላይ። ‹‹ዛሬ ማታ ሰፈራችሁ መብራት ይጠፋል።›› እዚህ ላይ ተበተኑ። አንዱ 0.9 ላይ ቆሞ ‹‹እኛ ሰፈር ብታድር ታያለህ›› ይላል፣ አንዷ 0.2 ላይ ሆና ‹‹እኛ ጋ እኮ ከሆስፒታል ጋር ነው መስመራችን›› ትላለች። አንድ ጥያቄ፣ ሁለት ሰፈር፣ ሁለት ቁጥር፣ ሁለቱም ትክክል። ይህን ልናገር ስል ደወሉ ደወለ።

ጥቅምት 8

የአንድ ብር ሳንቲም ቀን። 20 ሳንቲም ለማግኘት ሁለት ታክሲ ረዳት ለምኛለሁ። በአንድ በኩል አንበሳ፣ በሌላው ሚዛን። ትልልቆቹ ‹‹ዘውድ ወይስ ጎፈር›› የምንለውን እነሱ ‹‹አንበሳ ወይስ ሚዛን›› ነው የሚሉት፣ ዘውዱን አላዩትማ።

ሁለት ሁለት ሆነው 12 ቡድን ሠሩ። ስድስቱ ሳንቲሙን 50 ጊዜ እየጣሉ የወጣውን በተራ ይጽፋሉ። የቀሩት ስድስቱ ሳንቲም ሳይነኩ፣ ከጭንቅላታቸው፣ የተጣለ የሚመስል 50 አንበሳና ሚዛን ይፈጥራሉ። እኔ ኮሪደር ላይ እቆማለሁ። ስመለስ 12 ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አለ፣ ማን ምን እንዳደረገ አላውቅም፣ የውሸቱን ለይ ተባልኩ።

ከ12ቱ 10ሩን ለየሁ። ክፍሉ ጮኸ። ‹‹ቲቸር በመስኮት አይቷል!›› ተባለ።

የማየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሳይቋረጥ ስንት ጊዜ አንድ ዓይነት እንደተደጋገመ። የፈጠሩት ልጆች ሦስት አንበሳ በተከታታይ ከጻፉ በኋላ እጃቸው ይፈራል፣ ‹‹አሁንስ ሚዛን ይበቃል›› ብለው ይቀይራሉ። እውነተኛው ሳንቲም ግን ምንም አይፈራም። አንዱ ቡድን ስምንት ሚዛን በተከታታይ ወጥቶላቸው ሳንቲሙን ቀይሩልን ብለው ሊመጡ ነበር አሉ። 50 ጊዜ ሲጣል አምስት ወይም ስድስት ተከታታይ ማግኘት የተለመደ ነው። የተሳሳትኩባቸው ሁለቱ፣ አንደኛው እውነተኛ ሆኖ ከአራት ያልበለጠ፣ ሌላው ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ይህን ጨዋታ ያሳያት ልጅ የፈጠረችው ነው። ሆን ብላ ሰባት አንበሳ ደርድራለች። ተንኮለኛ።

ስድስቱ እውነተኛ ቡድኖች በየራሳቸው ከ19 እስከ 31 አንበሳ አገኙ። 19 ያገኙት ሳንቲማችን የተበላሸ ነው ብለው ነበር። አንድ ላይ ስንደምረው ግን ከ300 ውስጥ 143 አንበሳ። ለብቻ ሲታይ የተንጋደደው ሲደመር ይቃናል። ጆን ኬሪች የሚባለውን ሰው እዚህ ላይ ነገርኳቸው፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ዴንማርክን ሲይዙ እዚያው ታስሮ ሥራ ሲፈታ አንድ ሳንቲም 10,000 ጊዜ ጣለ፣ 5,067 ጊዜ የሰው ራስ ያለበት ወጣለት። ከኋላ አንድ ድምፅ፦ ‹‹እስር ቤት ሳንቲም ያስገባሉ እንዴ?›› ስለ ቁጥሩ የጠየቀ የለም።

ጥቅምት 15

ሁለት ሳንቲም አንድ ላይ ቢጣል ሁለቱም አንበሳ የመሆኑ ዕድል ስንት ነው? ረጅሙ ልጅ ሳይጠየቅ መለሰ። ‹‹አንድ ሦስተኛ። ሁለት አንበሳ፣ ሁለት ሚዛን፣ ወይም ድብልቅ። ሦስት ነገር ነው ያለው።›› ጥርት ያለ ክርክር ነው፣ ክፍሉም አጨበጨበ። እኔም ‹‹ተሳስተሃል›› አላልኩም። ጣሉ አልኩ።

24 ልጅ አሥር አሥር ጊዜ፣ 240። ሁለት አንበሳ 57፣ ሁለት ሚዛን 62፣ ድብልቅ 121። ረጅሙ ልጅ ሰሌዳውን አየ፣ ራሱን አከከ፣ ‹‹ድብልቅ ለምን ይበዛል?›› አለ። ከባለቤቴ የጥፍር ቀለም አምጥቼ ነበር፤ አንዱ ሳንቲም ላይ ቀይ ነጥብ አደረግኩና እንደገና ጣሉት። አሁን ‹‹ድብልቅ›› የሚሉት ሁለት ነገር ሆኖ ታያቸው፦ ቀዩ አንበሳ ሌላው ሚዛን፣ ቀዩ ሚዛን ሌላው አንበሳ። አራት እኩል መንገድ አለ፣ ሁለቱ ድብልቅ ናቸው።

ልጁ አፍሮ ተቀመጠ። ማፈሩ ደስ ስላላለኝ ስለ ዳላምቤር ነገርኩት። የፈረንሳይ ታላቅ የሂሳብ ሰው ነው። በ1754፣ እሱ ራሱ ከአዘጋጆቹ አንዱ በሆነበት ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ፣ ሳንቲም ሁለት ጊዜ ቢጣል ቢያንስ አንዴ የተፈለገው ገጽ የመውጣቱ ዕድል ከሦስት ሁለት ነው ብሎ ጻፈ። ከአራት ሦስት ነው ትክክሉ። ልክ እንደ አንተ፣ እኩል ያልሆኑ ነገሮችን እንደ እኩል ቆጥሮ ነው። ‹‹ስሙን ይጻፉልኝ›› አለ። ደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፍኩለት። ሰኞ ጓደኞቹ ‹‹ዳላምቤር›› እያሉ ሲጠሩት ሰማሁ።

ጥቅምት 22

የቆርኪ ቀን። ከእስካሁኑ ሁሉ ይህን ነው የወደድኩት።

ሳንቲምና ዳይስ ችግር አለባቸው፤ መልሱን ሳይጥሉ ያውቁታል። ግማሽ ነው፣ አንድ ስድስተኛ ነው፣ አለቀ። ታዲያ መጣሉ ለምን አስፈለገ? ስለዚህ መልሱን ማንም የማያውቀው ነገር ፈለግኩ። ሰፈር ያለ ግሮሰሪ ገብቼ ‹‹ቆርኪ ፈልጌ ነበር›› ስል አስተናጋጁ ‹‹በዚህ ዕድሜህ?›› አለኝ። ለትምህርት ነው ስለው ጭራሽ አላመነም። ቢሆንም አንድ ፌስታል ሙሉ ሰጠኝ። የቢራ ሽታው ክፍሉን ሞላው፣ ለርዕሰ መምህሩ ምን እንደምል እያሰብኩ ነበር።

ቆርኪ ሲጣል አፉ ወደ ላይ ነው የሚሆነው ወይስ ወደ ታች? ሁለት ነገር ብቻ ነው ያለው፣ ስለዚህ ግማሽ ግማሽ ነው ያሉ 15 ልጆች። ሰባቱ ወደ ላይ ይበዛል፣ ሁለቱ ወደ ታች። ግምታቸውን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፣ ማንም እንዳይቀይር። ከዚያ 12ቱ ቡድን ወለሉ ላይ 25 ጊዜ ጣለ።

ከ300 ውስጥ 187 ጊዜ አፉ ወደ ላይ ሆነ።

ሰሌዳውን ዝም ብለው አዩት። ‹‹ሁለት ነገር ካለ ግማሽ ነው›› የሚለው እምነት ሲሞት ድምፁ አይሰማም፣ ግን ክፍሉ ውስጥ ይታወቃል። አንዷ ‹‹ታዲያ ትክክለኛው ቁጥር ስንት ነው?›› ብላ ጠየቀች። አላውቅም አልኳት። ‹‹መጽሐፉ ላይስ?›› መጽሐፉ ላይ የለም። ‹‹ታዲያ ማን ያውቃል?›› ቆርኪው። እኛ ብዙ በጣልን ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይነግረናል።

ጥያቄው ከዚያ በኋላ ከእነሱ መምጣት ጀመረ። በመክፈቻ የተጣመመው ይለያል? ሲሚንቶ ላይና ደብተር ላይ አንድ ነው? መኪና የረገጠው ጠፍጣፋስ? ዳላምቤር አሥሩን በድንጋይ ቀጥቅጦ ለብቻው ሊሞክር ወጣ። ደወል ከተደወለ በኋላ 20 ደቂቃ ቆዩ። ቅዳሜ እኮ ነው።

ጥቅምት 29

አማካይ። ‹‹ደምረህ አካፍል›› ሲባል ሁሉም ያውቃል፣ ምን እንደሆነ ግን አያውቁትም። ዘጠኝ ልጆች ወደ ፊት አወጣሁ፦ ቤታችሁ ስንት ሰው ይኖራል? በሰው ቁጥር ልክ የሽምብራ ቆሎ በእጃቸው ያዙ። 3፣ 4፣ 4፣ 5፣ 5፣ 5፣ 6፣ 7፣ የመጨረሻው 15። አያት፣ አክስቶች፣ ከገጠር ለትምህርት የመጡ ዘመዶች፣ አንድ ግቢ ነው።

ሁሉንም ትሪ ላይ አፍስሱና እኩል ተካፈሉ አልኩ። 54 ነበር፣ ለየአንዳንዱ 6 ይደርሳል። ትሪው ላይ የተገኘው ግን 47 ነው። ዳታው ተበላ። ቆሎ ይዞ መምጣት የኔ ጅልነት ነው፣ ረሃብተኛ የ13 ዓመት ልጅ ፊት።

በጠጠር ደገምነው። አማካዩ 6፣ ነገር ግን ከዘጠኙ ቤት ከ6 በላይ የሆኑት ሁለት ብቻ ናቸው። በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ተሰልፈው መሐል የቆመችው 5 ነበራት፤ ሚዲያን እሷ ናት፣ የ15ቱ ቤት 30 ቢሆን እንኳ ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። አማካዩን ግን ያ አንድ ቤት ብቻውን ሽቅብ ጎትቶታል። እሱ ሲወጣ 4.875 ይሆናል። ‹‹የሰው ነጥብ ስምንት ሰባት አምስት የት አለ?›› ብለው ሳቁ። የ15ቱ ልጅ ግን ‹‹እኔ ስወጣ ለምን ደስ አላችሁ›› ብሎ ተኮሳተረ። ይህን ምሳሌ በሌላ ጊዜ በቤተሰብ ላይ አልሠራውም፣ በጫማ ቁጥር ይሁን።

ኅዳር 6

ከአጥሩ ውጭ ዋናው መንገድ አለ። መኪና ቆጠራ፣ በታርጋ ኮድ፣ ለ20 ደቂቃ። ኮድ 1 ቀይ፣ ኮድ 2 ሰማያዊ፣ ኮድ 3 አረንጓዴ፣ ኮድ 4፣ የመንግሥቱ፣ ጥቁር። አራት መስመር፣ አምስተኛዋ አግድም፣ እንደ ብሎኬት ቆጠራ። ሁለት ቡድን፣ አንድ መንገድ፣ በተመሳሳይ ሰዓት።

አንደኛው ቡድን 212 መኪና ቆጠረ፣ ሌላው 187። ተጣሉ። ‹‹እናንተ ባጃጅ ቆጥራችኋል!›› ‹‹ባጃጅ መኪና አይደለም እንዴ?›› መቁጠር ከመጀመራችን በፊት መኪና ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልተስማማንም ነበር፣ ይህን እነሱ ራሳቸው ደረሱበት። እኔ ብነግራቸው ኖሮ በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር።

በ14ኛው ደቂቃ አካባቢ አንድ ጥበቃ መጣ፣ ከማዶ ካለው ግቢ። ‹‹ልጆቹ የመኪና ታርጋ የሚጽፉት ለማን ነው?›› አለኝ፣ ጠበቅ አድርጎ። እውነቱን ነው፤ 24 ልጅ ወረቀት ይዞ አላፊ መኪና ሲመዘግብ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር። ‹‹ጋሼ፣ ቁጥሩን ሳይሆን ቀለሙን ብቻ ነው›› ብዬ ወረቀቱን አሳየሁት። መስመር ብቻ እንዳለ ሲያይ ለቀቅ አለ፤ እንዲያውም ‹‹ቀይዋ አመለጠቻችሁ›› እያለ ያግዛቸው ጀመር። ከዚህ በኋላ ግን አስቀድሜ አስፈቅዳለሁ።

የ212ቱን ዝርዝር ሰሌዳ ላይ አወጣን፦ ኮድ 3 – 96፣ ኮድ 2 – 71፣ ኮድ 1 – 34፣ ኮድ 4 – 6፣ ሌላ – 5። አንዱ ወዲያው ጻፈ፦ ‹‹አዲስ አበባ ውስጥ ካሉ መኪናዎች 3 በመቶ ያህሉ የመንግሥት ናቸው።›› ማካፈሉ ትክክል ነው። ከፊት የምትቀመጠው፣ ያቺው የመጀመሪያ ቀን የጠየቀችኝ፣ ቀስ ብላ ‹‹ዛሬ ቅዳሜ ነው እኮ›› አለች። መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። የመንግሥት መኪና ቆሟል። አንድ መንገድ፣ አንድ ጠዋት፣ 20 ደቂቃ፣ ከዚህ ተነስቶ ‹‹አዲስ አበባ›› ማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሆነ ለማስረዳት ሁለት ገጽ ማስታወሻ አዘጋጅቼ ነበር። በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ማስታወሻውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ኅዳር 13

የልደት ቀን። ዛሬ ልጎርር አስቤ ነበር፣ አልተሳካም። 23 ሰው ባለበት ክፍል ሁለት ሰው አንድ ቀን የመወለዱ ዕድል ከግማሽ ይበልጣል፤ እኛ 24 ነን፣ ወደ 54 በመቶ። በኩራት ጀመርኩ፣ ሁሉም ቀኑን ተናገረ፣ አንድም የገጠመ የለም። ‹‹ቲቸር ተበላህ!›› 54 በመቶ ማለት 46 በመቶ ይከሽፋል ማለት ነው አልኩ፣ እየሳቅኩ፤ ትምህርቱ ያለው እዚያው ላይ ቢሆንም ለራሴ ግን ትንሽ ጎምዝዞኛል።

ረቡዕ 60 ልጅ ካለበት ሰባተኛ ‹ለ› የልደት ቀን በወረቀት ሰብስቤ ነበር፣ እሱን አወጣሁ። እዚያ የመግጠም ዕድሉ ከ99 በመቶ በላይ ነው። ገጠመ፣ ከሚገባው በላይ ገጠመ፦ አራት ልጅ መስከረም 1። በጣም በዛ። ከአራቱ አንዱ እዚህ የቅዳሜው ውስጥ ወንድም አለው፣ እሱ ነገረን፦ ‹‹እናቴ ወሩን እንጂ ቀኑን አታስታውሰውም፣ ሲመዘገብ እንደዚያ ተጻፈ።›› ሁለት ሌሎች ደግሞ የፈረንጅ ቀን ነው የጻፉት፣ ወሩን ወደ አማርኛ ለውጠው። ቁጥር ወረቀት ላይ ስለተጻፈ ብቻ እውነት አይሆንም። ከመቁጠራችን በፊት ግማሽ ሰዓት ዳታውን በማጽዳት አለፈ፣ እና ያ ግማሽ ሰዓት ከምንም በላይ እውነተኛ ስታቲስቲክስ ነበር።

ከዚያ የምወዳትን ጥያቄ አመጣሁ፦ አንድ ሰው ጳጉሜ የመወለዱ ዕድል ስንት ነው? ‹‹ከ13 አንድ!›› ብዙዎቹ። ወዲያው ግን ዳላምቤር ‹‹ቆይ ቆይ ቆይ›› አለ። ተነስቶ ቆመ። ‹‹ወሮቹ እኩል አይደሉም። 5 ለ365።›› ያ ማለት ከ73 አንድ። እንደ አራት ሳምንት በፊቱ ጥፍር ቀለም አላስፈለገውም። በፈረንጅ ካላንደር የሚኖር አስተማሪ ይቺን ምሳሌ አያገኛትም፣ የነሱ ወራት ሁሉም ለመቀራረብ የሚሞክሩ ናቸው። ጳጉሜ 6 የተወለደ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። የለም። በአራት ዓመት አንዴ ኬክ የሚቆርስ ልጅ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ኅዳር 20

ቤቲንግ። አልፈልግም ነበር፣ እነሱ አመጡት። ታላላቅ ወንድሞቻቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ቲኬት ይቆርጣሉ፣ አሥር ጨዋታ ደርድረው፣ ማታ ላይ ‹‹በአንድ ጨዋታ ተበላሁ›› ይላሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር ከ24ቱ ቢያንስ 15ቱ ቤታቸው ሰምተውታል።

አንድ ከረጢት፣ 7 ነጭ ቦሎቄ፣ 3 ቀይ። አሥር ልጆች በሰልፍ። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ጨዋታ ነው፣ የተወራረድነውም በጠንካራው ቡድን ነው፦ ከአሥር ሰባት ጊዜ ይሳካለታል። ሳያይ አንድ ያወጣል፣ ያሳያል፣ መልሶ ይከታል፣ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ቀይ ከወጣ ቲኬቱ ተቃጠለ፣ ከአንድ እንጀምራለን። ‹‹ሰባት ለሦስት እኮ ቀላል ነው›› አሉ። ከ30 ሙከራ አሥረኛው ልጅ ድረስ ሳይቃጠል የደረሰው አንዴ ነው። አንዴ! አብዛኛው ሦስተኛውን ልጅ ሳያልፍ ይሞታል። አሥረኛው ቦታ ላይ የቆመው ልጅ እጁን ኪሱ ከቶ ‹‹እኔ ለምን ተሰለፍኩ?›› ይላል።

0.7ን አሥር ጊዜ በራሱ ስናባዛው 0.028 ገደማ ሆነ፣ ከመቶ ሦስት የማይሞላ። ‹‹በአንድ ጨዋታ ተበላሁ›› የሚለው ሰው መጥፎ ዕድል የገጠመው ይመስለዋል፣ ቢያንስ በአንድ ጨዋታ መበላት ግን የአሥር ጨዋታ ቲኬት የተለመደ ባሕርዩ ነው። ስለ ቁማር ጥሩነትና መጥፎነት አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ከረጢቱን አንዱ ተውሶ ሄዷል፣ ለወንድሙ ሊያሳይ።

ኅዳር 27

እቁብ። ለዚህ ቀን ነበር ስዘጋጅ የቆየሁት።

የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ፣ ስድስት የተጠቀለለ ወረቀት፣ አንዱ ውስጥ ‹‹ደረሰ›› የሚል። ስድስት ልጆች በተራ ያወጣሉ። ከመጀመራችን በፊት ጠየቅሁ፦ መጀመሪያ ማውጣት ይሻላል ወይስ መጨረሻ? ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ‹‹መጀመሪያ! ሳይወሰድብህ ታወጣለህ›› ይላል። ግማሹ ‹‹መጨረሻ፣ ወረቀቱ ሲያንስ ዕድልህ ይጨምራል።›› ከፊት የምትቀመጠው ልጅ እናት የእቁብ ጸሐፊ ናት፣ እሷ እንደምትለው እዚያም ሁልጊዜ ጭቅጭቅ ነው፣ እጁን መጀመሪያ የሚከተው ማን እንደሆነ ዳኛው በየሳምንቱ ያስታርቃል።

60 ዙር ተጫወትን። አንደኛ ያወጣው 9 ጊዜ፣ ሁለተኛው 12፣ ከዚያ 8፣ 11፣ 7፣ ስድስተኛው 13። የመጨረሻ ባዮች ‹‹13! አሸነፍን!›› ብለው ጮኹ። እስቲ ሌላ 60 አልኩ። በሁለተኛው 60 ስድስተኛው 8 ሆነ፣ አንደኛው 12። ድምፃቸው ቀነሰ። ከጥቅምት 8 ጀምሮ ስለሚያውቁት፣ የ19 እና የ31 ወሬ ነው ብሎ አንዱ ለጓደኛው አብራራለት፣ እኔ አፌን አልከፈትኩም።

በማባዛት ላሳያቸው ጠመኔ አነሳሁ፦ ሁለተኛው እንዲደርሰው አንደኛው መሳት አለበት፣ አምስት ስድስተኛ፣ ከዚያ እሱ ከቀሩት አምስት አንዱን፣ ሲባዛ አንድ ስድስተኛ። ግማሾቹ ተከተሉኝ። የእቁብ ጸሐፊዋ ልጅ ግን ጠመኔውን አስቀመጠችኝ።

‹‹ቲቸር፣ ሁላችንም ወረቀቱን አውጥተን ሳንከፍት ጨብጠን ብንቆምስ? ከዚያ አንድ ሁለት ሦስት ብለን አንድ ላይ ብንከፍት? ማን መጀመሪያ እንዳነሳ ምን ለውጥ ያመጣል?››

ስድስቱ ልጆች እንዳለችው አደረጉ። ጨብጠው ቆሙ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከፈቱ። አንዱ ዘለለ። 18 ዓመት ሳስተምር ከዚህ ያጠረ ማረጋገጫ አላየሁም፣ እና ማባዛቱን አጥፍቼ የሷን ጻፍኩ።

እናትየዋ ልጇን ልትወስድ መጣች። በር ላይ ቆማ የመጨረሻውን ሰምታለች። ‹‹መምህር፣ ይቺ ልጅ ቤት ውስጥ ሰላም ነሳችን። ዕጣው እኩል ነው፣ እኩል ነው ትላለች። እሺ፣ እኩል ይሁን። እኔ ግን አሥራ ሁለት ሰው ባለበት እቁብ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ መጨረሻ ደረሰኝ። ይሄስ?›› ልጅቷ ከአፌ ነጥቃ መለሰች። ‹‹እማ፣ ከ144 አንድ ነው። አንቺ ሆነሽ ነው እንጂ ለአንድ ሰው ይደርሳል።›› እናቷ አየቻት። ‹‹እና ዕድሌ ነው ማለት ነዋ?›› ልጅቷ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እኔን አየችኝ። እኔም ዝም።

‹‹ደግሞ›› አለች እናት፣ ‹‹መጀመሪያ የደረሰው በዚያ ብር ጤፍ ገዛበት። እኔ መጨረሻ ሲደርሰኝ ያው ብር ነው፣ ጤፉ ግን ያው አይደለም። ዕጣው እኩል ቢሆን ብሩ እኩል ነው ወይ?›› ይህ ፕሮባብሊቲ ብቻ አይደለም። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹ ከየሰፈራቸው ወፍጮ ቤት የጤፍ ዋጋ ጠይቀው፣ ቀኑንና የጤፉን ዓይነት ጭምር ጽፈው ይመጣሉ፤ ነጩን ከሠርገኛ እንዳይደባልቁ ሁለት ጊዜ ተናግሬያለሁ።

ቆርቆሮውን እናትየዋ ወስዳዋለች። እቁቡ ማክሰኞ ነው፣ ሁሉም ጨብጦ አንድ ላይ ይክፈት ብላ ለዳኛው ልትነግር ነው። ረቡዕ ይመለሳል ተብሏል።